ስማቸው ይነበብ

በኖቬምበር ሁለተኛ እሑድ፣ እንግሊዞች የጦርነት ሙታናቸውን በሚያስቡበት ቀን፣ ለንደን ዋይትሆል በሚባለው ጎዳና ላይ ቢግ ቤን አሥራ አንድ ጊዜ ሲደውል መድፍ ይተኮስና ሁለት ደቂቃ ጸጥታ ይሆናል። ንጉሡ የአበባ ጉንጉን ያኖራሉ፤ ጡሩምባ ይነፋል፤ ከዚያ አንጋፋ ወታደሮች፣ መራመድ ያቃታቸውም በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው፣ በሰልፍ ያልፋሉ። በሰልፉ መካከል ሜዳሊያ በቀኝ ደረቱ ያደረገ ሰው ካያችሁ፣ ሜዳሊያው የራሱ ሳይሆን የሟች አባቱ ወይም የአያቱ ነው። የራሱን የሚያደርገው በግራ ነው። ከሥነ ሥርዓቱ ሁሉ እኔን የሚነካኝ ይህ ነው።

ከለንደን ወጣ ብሎ ገጠሩን ያየ ሰው ደግሞ፣ ትንሽ በምትባል መንደር እንኳ የጦርነት ሙታን ስም የተቀረጸበት ድንጋይ አያጣም። የአንድ ቤት ወንድማማቾች ስም ተከታትሎ ተጽፎ ሲያዩት አንጀት ይበላል። በዚያ እሑድ መንደርተኛው ተሰብስቦ ስማቸውን አንድ በአንድ ያነባል። ከሞቱ ከመቶ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ የሚያስታውሳቸው በሕይወት የሌለ ልጆች ናቸው።

ይህን ባየሁ ቁጥር ሐሳቤ ስድስት ኪሎ ይሄዳል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ፤ ፋሺስቶች በሦስት ቀን ውስጥ የአዲስ አበባን ሕዝብ በጥይት፣ በአካፋና በእሳት ፈጁት። የኢትዮጵያ መንግሥት ሟቾቹን 30 ሺህ ብሎ ቆጥሯል። ከእነዚህ መካከል የስንቱን ስም እናውቃለን? ሐውልቱ ላይ የተቀረጹት ምስሎች ሰቆቃውን ቁልጭ አድርገው ያሳያሉ፤ የሟቾቹን ስም ዝርዝር ግን አልያዙም።

የእኛን ሥርዓት ማቃለሌ አይደለም። ጎፈር የደፉ አርበኞችና ልጆቻቸው በሐውልቱ ዙሪያ ሲሸልሉና ሲፎክሩ የሚሰማኝ ኩራት በዋይትሆል ጸጥታ የሚለወጥ አይደለም። እኛ ጀግናን በድምፅ እናነሣዋለን፤ ያ የአባቶቻችን ወግ ነው፣ ይኑርልን። የሚያሳዝነኝ ባለሥልጣን ጉንጉኑን አኑሮ ሲሄድ ካሜራው ሁሉ ተከትሎት ሲሄድ፣ ሽማግሌዎቹም ለሚጠይቃቸው ሰው የያዙትን ታሪክ ይዘው ፀሐይ ላይ ሲቀሩ ማየት ነው።

እንግሊዞቹም ቢሆኑ ለሁሉም እኩል አላደሉም። የጦር መቃብሮቻቸውን የሚጠብቀው ኮሚሽን በ2021 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባወጣው ሪፖርት፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለእነርሱ ከሞቱት ብዙ ሺህ አፍሪካውያንና እስያውያን መካከል ቢያንስ 116 ሺህ የሚሆኑት በስማቸው ሳይታወሱ፣ ምናልባትም ጨርሶ ሳይታወሱ መቅረታቸውን አምኖ ይቅርታ ጠይቋል። ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ስንቅና ጥይት ተሸክመው የወደቁት የእኛው ጎረቤቶች ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የነጩ ስም በድንጋይ ሲቀረጽ የእነርሱ አልተጻፈም፤ ክብር የተጓደለባቸው እዚያ ላይ ነው።

የየካቲት ሰማዕታት ስም ግን ገና ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። «አያቴ በዚያ ቀን ወጥተው ቀሩ» የሚል ቤተሰብ አዲስ አበባም፣ እዚህ በስደት በምንኖረው መካከልም አለ። መጪው የካቲት 12 በለንደን ስንሰበሰብ፣ ከንግግሩ በፊት እነዚህ ስሞች ይነበቡ። የአያቱን ወይም የቅድመ አያቱን ስም የያዘ ሰው ከነአባታቸው ስም፣ የሚያውቅ ከሆነም ከነሰፈራቸው፣ ጽፎ ይምጣ።