ከቧንቧችን ወደ ጎረቤት የሚመለሰው ቆሻሻ

ወገኖቼ፣ የውሃ እጥረቱን ለማለፍ ብለን በየግቢያችን የምንሠራው ሥራ የጎረቤታችንን የመጠጥ ውሃ ሊበክል የሚችል ነውና ይህን ተግሳጽ ሳትሰለቹ አንብቡልኝ። እጥረቱ እውነት መሆኑን አውቃለሁ፤ በሳምንት አንዴ ለሚመጣ ውሃ ሌሊት ተነስቶ መጠበቅ ምን እንደሆነ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ችግራችን በጋራ መስመር ላይ እንዳሻን እንድናደርግ መብት አይሰጠንም።

ብዙዎቻችን የቧንቧ ውሃ አንዴ ቆጣሪውን ካለፈ የማይመለስ ይመስለናል። ውሃ ግን የሚሄደው ግፊቱ ወደሚያንስበት ነው። በመስመሩ ውስጥ ግፊት ሲኖር ወደ እኛ ይመጣል፤ ፈረቃው ሲያበቃ፣ ዋናው ቧንቧ ሲፈነዳ ወይም ዝቅ ባለው ሰፈር ብዙ ውሃ በአንድ ጊዜ ሲሳብ ደግሞ በቤታችን ቧንቧ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ መጣበት ሊመለስ ይችላል። ውሃ በሄደበት ሰዓት የግቢውን ቧንቧ ከፍቶ መዳፉን አፉ ላይ ያደረገ ሰው፣ ቧንቧው እጁን ወደ ውስጥ ሲስበው ተሰምቶት ያውቅ ይሆናል። ያ ስበት አፉ ላይ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይገባል፤ አየር ካገኘ አየር፣ የበርሜል ውሃ ካገኘ የበርሜል ውሃ።

እስቲ ግቢያችሁን ተመልከቱ። ውሃው ሌሊት ይመጣል ተብሎ ጎማው ከቧንቧው ጋር እንደተገጠመ፣ ጫፉ በርሜሉ ውስጥ እስከ ታች ወርዶ፣ ቧንቧው ክፍት ሆኖ ይታደራል። የበርሜሉ ሥር አረንጓዴ ዝልግልግ ይዟል፤ ቀን ሙሉ ያልታጠበ ጣሳ ሲነከርበት ውሏል፤ አጠገቡ የሕፃን ልብስ ታጥቦ እጣቢው ተረጭቶበታል። ውሃው መጥቶ በርሜሉን ይሞላና ከመንጋቱ በፊት ሲሄድ፣ ጫፉ ውሃ ውስጥ የተዘፈቀው ጎማ የሞላውን መልሶ ወደ መስመሩ ይስበዋል። ማታ የሞላ በርሜላችሁን ጠዋት ጎድሎ ስታገኙ ጎረቤት ቀዳብን ብላችሁ አትጣሉ፤ ምናልባት የበርሜላችሁ ውሃ በጎማው ተመልሶ የጎረቤታችሁ ቧንቧ ውስጥ ገብቶ ይሆናል። በሚቀጥለው ፈረቃ መጀመሪያ ከቧንቧው የሚወጣው፣ እናንተም ጎረቤታችሁም ለልጆቻችሁ የምትቀዱት፣ እርሱ ነው።

ይህ ሥጋት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ በዉስተር ከተማ፣ የሆሊ ክሮስ ኮሌጅ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች በተለምዶ የወፍ በሽታ በምንለው የጉበት ሕመም አብዛኞቹ ተያዙ፤ ቡድኑም ሁለት ጨዋታ ብቻ ካደረገ በኋላ የዓመቱን ውድድር ለማቋረጥ ተገደደ። ሲመረመር፣ በአቅራቢያው የእሳት ቃጠሎ ተነስቶ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ብዙ ውሃ በመሳባቸው የመስመሩ ግፊት ወድቆ ነበር። በልምምድ ሜዳው ከመሬት በታች የነበረው የሣር ማጠጫ ቧንቧ፣ በሽታው ያለባቸው ልጆች ሲጫወቱበት የነበረውን የተጠራቀመ ውሃ ወደ ውስጥ ሳበው፤ ተጫዋቾቹም ከዚያው መስመር ጠጡ። ውሃው ከከተማው የወጣው ንጹሕ ሆኖ ነበር። ከለገዳዲ ወይም ከገፈርሳ ተጣርቶ የሚመጣው ውሃም እንዲሁ ንጹሕ ሆኖ መጥቶ እኛ ደጃፍ ላይ ሊበከል ይችላል።

ከጎማውም የሚከፋው ከቆጣሪው ቀጥሎ በመስመሩ ላይ በቀጥታ የሚገጠመው ፓምፕ ነው። በዚህ ላይ ቃሌን ማለስለስ አልችልም። ፓምፑ የጎረቤትን ድርሻ መሻማቱ አንድ በደል ነው፤ በጤና ላይ የሚያደርሰው ግን ከዚያ ይብሳል። በመስመሩ ውስጥ በቂ ውሃ ሳይኖር ሲስብ ቧንቧው ውስጥ ያለውን ግፊት ከውጪው አየር ግፊት በታች ያወርደዋል፤ ያን ጊዜ በየመጋጠሚያው ያለው ስንጥቅ ሁሉ ውሃ ማፍሰሱን ትቶ ከውጪ መሳብ ይጀምራል። በብዙ ሰፈር የውሃ መስመሩ ከፍሳሽ ቦይ ጎን ለጎን፣ አንዳንዴም በቦዩ ውስጥ እንደሚያልፍ በዓይናችሁ ታያላችሁ። እንግዲህ በዚያ ቦታ ፓምፑ ከስንጥቁ የሚስበው ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አያስፈልግም። በማጣሪያ ጣቢያ የሚጨመረው ክሎሪን ለጥቂት ብክለት እንጂ ለመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ እንዲበቃ የተመጠነ አይደለም። ቧንቧው ብዙ ጊዜ ከደረቀ ደግሞ ክሎሪኑም የለም።

መፍትሔው የታወቀ ነው። ከመስመሩ የሚመጣው ውሃ በራሱ ግፊት መጀመሪያ ምድር ላይ ባለ ታንከር ውስጥ ይግባ፤ ፓምፑም ከዚህ ታንከር እንጂ ከመስመሩ ሳይስብ ጣሪያ ላይ ወዳለው ሮቶ ይግፋ። ወደ ታንከሩ የሚያስገባው ቧንቧ አፍ ውሃው ሊደርስበት ከሚችለው ከፍተኛ ልክ በላይ ይሁን፤ በመካከሉ ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር፣ ቧንቧው ሰፋ ያለ ከሆነ ደግሞ የቧንቧውን ስፋት እጥፍ የሚያህል ባዶ አየር ይኑር። ከሁሉም በላይ የምተማመንበት ይህ ባዶ አየር ነው፤ አይዝግም፣ አያረጅም፣ ቧንቧው የቱንም ያህል ቢስብ አየር እንጂ ውሃ አያገኝም። በርሜል ለሚሞላ ሰው ይኸው ሕግ ነው፤ ጎማውን ከበርሜሉ አፍ በላይ በሽቦ አስሮ ማንጠልጠል ገንዘብ አያስወጣም።

ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አሳልፎ ሊመለስ ሲል ክዳኑ የሚዘጋውን ቼክ ቫልቭ አስገጥሜአለሁና አያሰጋኝም የሚል አለ። ጥሩ ነው፣ ይገጠም። ነገር ግን ውሃ ሲመጣ ይዞት የሚመጣው አሸዋና ዝገት ክዳኑ ሥር ከተቀረቀረ በደንብ አይዘጋም፤ አንዴ ተገጥሞ ዓመታት ያልታየ ቫልቭ እንደሌለ ቁጠሩት። የመጸዳጃ ቤት ሻታፋችሁንም ባልዲ ወይም መቀመጫው ውስጥ ወድቆ እንዲያድር አትተዉት፤ መስቀያው ላይ መልሱት። ላቫጆ ያላችሁ ሰዎች የሳሙና ማቀላቀያችሁን ከመስመሩ ለዩ፤ የፀረ ተባይ መርጫ የምትሞሉም ጎማውን መርጫው ውስጥ አትክተቱ።

የራሳችሁ የጉድጓድ ውሃ ያላችሁ የሆቴልና የሕንፃ ባለቤቶች፣ ሁለቱን ውሃ በአንድ ቧንቧ አገናኝታችሁ መካከሉ ላይ መዝጊያ ማድረግ መለየት አይደለም። በፊንላንድ፣ በኖኪያ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2007 በፍሳሽ ማጣሪያው ውስጥ በመጠጥ ውሃ መስመርና በታከመ ፍሳሽ መስመር መካከል የነበረ አንድ መዝጊያ ተከፍቶ፣ 450 ሜትር ኩብ ያህል ፍሳሽ ወደ መጠጥ ውሃው ገባና ከ8,000 በላይ ሰዎች ታመሙ። አንድ ሰው አንድ እጀታ በማዞር ሊያደርሰው የሚችለው ጉዳት ይህን ያህል ከሆነ፣ እጀታው መጀመሪያውኑ እንዳይኖር ማድረግ ነው የሚበጀው። ሁለቱ ቧንቧዎች ጨርሰው አይገናኙ።

የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎች፣ በስብሰባችሁ ስለ ጥበቃና ስለ መብራት ክፍያ ስትነጋገሩ የታንከሩ መግቢያ ከውሃው ልክ በላይ መሆኑን ወርዶ የሚያይ ሰው መርጣችሁ ላኩ። አከራዮችም ፓምፑ ያለው የእናንተ ቤት ውስጥ ነውና ተከራይ ነው ያስገጠመው ብላችሁ አታመካኙ። እናንተ የቧንቧ ሠራተኞች ደግሞ፣ ሙያው በእጃችሁ ስለሆነ ከሁላችንም ይልቅ ተጠያቂ ናችሁና፣ ደንበኛው ታንከር መግዣ የለኝም፣ ፓምፑን መስመሩ ላይ በቀጥታ ግጠምልኝ ሲላችሁ እምቢ በሉ። የዕለት ሥራ መመለስ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ያም ሆኖ በእጃችሁ የገጠማችሁት ፓምፕ ምን እንደሚስብ ከማንም በፊት የምታውቁት እናንተ ናችሁ።