አይፎኑም አንድሮይዱም ቆሽቴን አሳረሩኝ

ዛሬስ ልናገርና ይውጣልኝ። አንዱ ኪሴ ውስጥ የመሥሪያ ቤት አይፎን አለ፣ ሌላው ውስጥ የራሴ አንድሮይድ። «የትኛው ይሻላል?» የሚለውን ጭቅጭቅ እንዳትጀምሩብኝ። ሁለቱም በየተራ ነው የሚያናድዱኝ።

ወደ ኋላ ከመመለስ የቀለለ ነገር አለ? አንድሮይድ ላይ ከግራም ሆነ ከቀኝ ጠርዝ ጣቴን ወደ ውስጥ ሳብ አደርጋለሁ፤ ተመለስኩ፣ አለቀ። አይፎን ላይ ግን እንደ ገጹ ጠባይ ነው። አንዱ ከግራ ጠርዝ ሲስቡት እሺ ይላል። ሌላው ወደ ታች ካልጎተቱት አይዘጋም። ሌላው ደግሞ ከላይ ግራ ጥግ ያለችውን ቀስት ካልነኩለት ወይ ፍንክች! ስልኩ እየረዘመ ሄዶ አውራ ጣቴ እዚያ አይደርስም። «ስክሪኑን ወደ ታች የሚያወርድ ሪቻቢሊቲ የሚባል አለ እኮ» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ አለ። ቀስቷን መጀመሪያውኑ ጣት የሚደርስበት ቦታ ቢያደርጓት ምን ነበረበት?

አይኮኑንም ተዉት። አይፎን ላይ መሃል ላይ ባዶ ቦታ ትቶ አይኮንን የፈለጉበት ማስቀመጥ የተቻለው በ2024 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)፣ በአይኦኤስ 18፣ ማለትም በአይፎን ሶፍትዌር 18ኛ እትም ነው። ስልኩ ከወጣ በ17 ዓመቱ! እሱንም በጭብጨባ ተቀበሉት።

የአንድሮይድ ሰዎች፣ አትሳቁ። የእናንተም ጉድ አለ። አክስቴ መልእክት በሰዓቱ አልገባ ብሏቸው ደወሉልኝ። ነገሩ ገብቶኛል፤ ብዙ አምራቾች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ከጀርባ የሚሠራውን አፕ ይገድሉታል።

«ሴቲንግ ይግቡና ባትሪ የሚለውን ይንኩ።»

«ባትሪ የሚል የለም፣ ልጄ።»

«እሺ፣ አፕስ የሚለውን ይንኩ።»

«ነካሁት። አሁንስ?»

አሁንማ እኔም አላውቅም። የእኔም አንድሮይድ፣ የእሳቸውም አንድሮይድ፤ ግን አምራቹ ሌላ ስለሆነ ሴቲንጉ ሌላ ዓለም ነው። አይፎን ቢሆን የእኔን ከፍቼ እያየሁ እመራቸው ነበር። አፕዴቱም እንደዚያው። አይፎን ላይ ለሁሉም በአንድ ቀን ይለቀቃል፤ አንድሮይድ ላይ የአምራቹን በጎ ፈቃድ መጠበቅ ነው። ጉግል በ2023፣ ሳምሰንግ በ2024 የ7 ዓመት አፕዴት ቃል ገብተዋል፤ ቃሉ ግን ለሁሉም አንድሮይድ አይደለም።

ይኼን ሁሉ እችለዋለሁ። የማልችለው በመሃላቸው ያለውን ግንብ ነው። ሁለቱ ስልኮቼ ጠረጴዛ ላይ ተነካክተው ተቀምጠዋል። አንድ ቪዲዮ ከአንዱ ወደ ሌላው ላሳልፍ ብል ቴሌግራም ላይ ለራሴ እልካለሁ። ቪዲዮው የት እንዳለ የማላውቀው ሰርቨር ድረስ ሄዶ፣ ዳታዬን ሲሄድም ሲመጣም በልቶ፣ አንድ ክንድ የማይሞላ ርቀት ይሻገራል። እንደ ፋይል መላኩን ከረሳሁ ደግሞ ጥራቱ ወርዶ ይደርሳል። አይፎን ለአይፎን ቢሆን በኤርድሮፕ፣ አንድሮይድ ለአንድሮይድ ቢሆን በኩዊክ ሼር ያለ ኢንተርኔት ያልቅ ነበር። ከ2025 መጨረሻ ወዲህ አንዳንድ አዳዲስ አንድሮይዶች በኩዊክ ሼር ከኤርድሮፕ ጋር መገናኘት ጀምረዋል፤ የእኔው ግን ከእነሱ አይደለም። ቴክኖሎጂው ጠፍቶ አይደለም እኮ!

መኮራረጁንማ ያውቁበታል። አይፎን በ2020 የአንድሮይድን ዊጄት (አፑን ሳይከፍቱ መረጃውን የሚያሳይ ሰሌዳ) ሆም ስክሪኑ ላይ አመጣ። አንድሮይድ በ2019 ከአይፎን ኤክስ ጋር የሚመሳሰል በጣት የመጎተት ዘዴ ይዞ መጣ። በር መክፈት ላይ ሲደርስ ግን ሁለቱም እጃቸው ያጥራል። የቻርጀሩ ነገር እንኳ፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2022 ሕግ ካወጣ በኋላ ነው አይፎን 15 ላይ ዩኤስቢ ሲ የገባው።

ደግሞ ኮሜንት ላይ «አንዱን ለምን አትተወውም?» የምትሉኝ አትጠፉም። ልተው! አንዱ ላይ በገንዘቤ የገዛኋቸው አፖች ወደ ሌላው አብረውኝ አይሻገሩም፣ እንደገና መግዛት ነው። የዋትስአፕ ወሬዬን ከአንድሮይድ ወደ አይፎን ይዞ መሄጃ መንገድ እንኳ የመጣው በ2022 ነው። እናንተ የአፖቹን ሂሳብ ሸፍኑልኝና ነገውኑ እተወዋለሁ። የትኛውን እንደምተው ግን አትጠይቁኝ።