መዝገቡን ባዶ አድርገን ዳኛውን አንውቀስ

ወገኖቼ ሆይ፤ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ተደፍራ የተገደለችው የባሕር ዳሯ የሰባት ዓመት ሕፃን ጉዳይ በየስልካችን ሲዘዋወር፣ ብዙዎቻችንን ያስቆጣን ወንጀሉ ብቻ ሳይሆን 25 ዓመት የተፈረደበት ሰው ይግባኝ ማለቱም ነበር። በወንጀሉ መቆጣታችን የተገባ ነው፤ በይግባኙ መቆጣታችን ግን አይደለም። ይግባኝ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ለተፈረደበት ሰው ሁሉ የተሰጠ መብት ነው፤ በበላይ ፍርድ ቤት ተመርምሮ የጸና ፍርድም ማንም በቀላሉ የማያነሣው ፍርድ ይሆናል። ልንቆጣበት የሚገባን በየቤታችንና በየሰፈራችን የምንሠራው ሌላ ጥፋት አለ።

በሕፃን መደፈር ክስ ይግባኝ ሰሚው ችሎት አብዛኛውን ጊዜ ተበዳይዋን አያያትም። ከፊቱ የሚቀርበው መጀመሪያ የፈረደው የሥር ፍርድ ቤት መዝገብ ነው፤ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በይግባኝ ደረጃ ተጨማሪ ማስረጃ የሚሰማው ፍርድ ቤቱ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። ስለዚህ የላይኛው ዳኛ የሚመዝነው የልጂቱ ቃል በዋናው ነገር መጽናቱን፣ ሐኪሙ ምን እንዳየና መቼ እንዳየ፣ ምስክሩ ራሱ ያየውን ወይስ ከሌላ የሰማውን እንደተናገረ ነው። የመጨረሻ ፍርድ ያገኘን ጉዳይ የሚያየው የሰበር ሰሚው ችሎት ሥልጣንማ ከዚህም የጠበበ ነው፤ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት መኖሩን እንጂ የማስረጃን ምዘና አይመረምርም። በመጀመሪያ ያልተመዘገበውን በኋላ የሚሞላው የለም።

እኛ ግን ልጂቱ የደረሰባትን በነገረችን ሰዓት ገላዋን እናጥባታለን፣ ልብሷንም እንዘፈዝፋለን፤ ማስረጃውም አብሮ ይታጠባል። ከዚያ እናት ትጠይቃታለች፣ አክስት ትጠይቃታለች፣ የዕድሩ ዳኛ ይጠይቃታል፤ ሁሉም «እንዲህ አድርጎሽ ነው አይደል?» እያለ መልሱን ከነጥያቄው ያጎርሳታል። ከወራት በኋላ ችሎት ቀርባ የምትናገረው የራሷ ቃል ይሁን የጠያቂዎቿ ለመለየት ያስቸግራል። ተከላካይ ጠበቃው ይህን ልዩነት ቢያነሣ ሥራውን ሠራ እንጂ አልበደለም። ልጅ ቀንና ሰዓት ቢሳሳት አስተዋይ ዳኛ ቃሉን አይጥልም፤ ማን፣ የት፣ ምን አደረገ የሚለው ሲለዋወጥ ግን ጥርጣሬ ይነሣል፣ ጥርጣሬም ለተከሳሹ ይጠቅማል። አንድ ጊዜ ስሟት፣ ያለችውን በራሷ ቃል ያዙ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪምና ወደ ፖሊስ ውሰዷት።

«ድንግልናዋ እንዳለ ነው፤ እንግዲያው ምንም አልደረሰባትም» የምንለውስ? የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ጋር በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለውና እንዲቀር አሳስቧል። ጥቃት ከደረሰባቸው ልጆች በአብዛኞቹ አካል ላይ በምርመራ የሚታይ ጉዳት አይገኝም። የወንጀል ሕጋችንም ከግብረ ሥጋ ሌላ በሕፃን ላይ የሚፈጸመውን ነውረኛ ድርጊት ለብቻው ይቀጣል። አንዲት የሐኪም ወረቀት ይዞ በልጂቱ ላይ የሚፈርድ ጎረቤት ይህን ቢያውቅ ምነኛ ባፈረ ነበር!

ስለ ሽምግልና መናገር ይከብደኛል፤ ሽማግሌን አክብሬ ያደግሁ ነኝና። ይሁንና ይህ በግል አቤቱታ ብቻ የሚከሰስ ወንጀል ስላልሆነ፣ ቤተሰብ ካሣ ተቀብሎ ቢታረቅ እንኳ ክሱ አይቆምም፤ የሚቆመው የምስክሮች አፍ ነው። በፖሊስ ዘንድ «አይቻለሁ» ያለው ሰው ችሎት ፊት «አላየሁም» ይላል። ዳኛው በዚያ መዝገብ ተከሳሹን ነጻ ሲያሰናብት፣ አስታርቀው በልተው የጠጡት ሰዎች በዳኛው ላይ ይጮኻሉ።

ዕድሜም ሌላው ጉዳይ ነው። ተበዳይዋ 13 ዓመት ያልሞላት ከሆነች በሕፃን ላይ የተፈጸመ ግብረ ሥጋ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ 13 ሞልቷት 18 ካልሞላት ግን አንቀጽ 626 ከ3 እስከ 15 ዓመት ይላል። ጥቂት ወራት ይህን ያህል ቅጣት ይለያያሉ፤ እኛ ደግሞ «የክረምት ልጅ ናት፣ እህል ሲዘራ ነው የተወለደችው» እያልን እንመሰክራለን። የአጥንት ራጅም ቢሆን ዕድሜን በግምት እንጂ በቀን ቆጥሮ አይናገርም፤ ይግባኝ ባዩም ክርክሩን እዚሁ ላይ ይመሠርታል። የልደት ምስክር ወረቀቷን፣ የክትባት ካርዷን፣ የክርስትና ወረቀቷን ዛሬ ማታ ከሣጥን አውጥታችሁ ተመልከቱ፤ የልደት ምዝገባ ያላደረጋችሁም ነገ ወደ ቀበሌ ሂዱ።