ፎቶ አይቶ ባሕር መምረጥ

የአየር ሲሊንደር አዝለው ባሕር የሚጠልቁ ጓደኛሞች ተሰብስበው «ዘንድሮ የት እንጥለቅ?» ሲባባሉ ቀድሞ የሚወጣው ካርታ ሳይሆን ስልክ ነው። ስልኩ ላይ እሳት የመሰለ ቀይ ኮራል አለ፣ ከላዩ ማንታ ሬይ የሚሉት ክንፍ ያለው የሚመስል ትልቅ ጠፍጣፋ ዓሣ ያንዣብባል። «በቃ፣ እዚህ ነው!» ይላል ባለስልኩ፤ ጉዳዩም በአንድ ድምፅ ያልፋል። ፎቶ አንሺው ግራና ቀኝ ትልልቅ መብራት ይዞ መውረዱን የሚጠይቅ የለም። ውሃ ውስጥ ቀድሞ የሚጠፋው ቀይ ቀለም ነው፤ ገና ከ5 እስከ 10 ሜትር ላይ ይደበዝዝና 20 ሜትር ሲደርሱ ያ እሳት አመድ መስሎ ይጠብቃል። መብራት ያልያዘው ጠላቂ «ሌላ ቦታ ነው ያመጡን» ብሎ አስጎብኚውን ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

ቀጥሎ ምኞት ይዘረዘራል። አንዱ ውሃው ጥርት ያለ ይሁን ይላል። ሌላው ማንታና ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ሻርክ ካላየሁ ከቤቴ አልወጣም ይላል። ሦስተኛዋ ሞቅ ያለና የረጋ ይሁንልኝ ትላለች። ማንም እንዳይከፋ ሁሉም ይጸድቃል። ማንታም ሆነ ዌል ሻርክ ግን የሚበሉት ፕላንክተን፣ ማለትም ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታትን ነው፤ ፕላንክተን የበዛበት ውሃ ደግሞ ይደፈርሳል። ፕላንክተኑ የሚፋፋው ብዙውን ጊዜ ንጥረ ነገር ያዘለ ቀዝቃዛ ውሃ ከጥልቁ ተገፍቶ ሲወጣ ነው። ጥርት ያለ፣ የሞቀና የረጋ ውሃ መርጦ ማንታ መጠበቅ ማዕድ ሳይዘረጉ እንግዳ መጥራት ነው።

«ምድር ወገብ ላይ አይደል እንዴ? ስስ ልብስ ይበቃል» የሚል አዋቂም አይጠፋም። የኢኳዶሮቹ ጋላፓጎስ ደሴቶች ምድር ወገብ ላይ ናቸው። በሰሜኑ ጫፍ፣ በዳርዊን ደሴት አካባቢ፣ ዌል ሻርክ በብዛት የሚታየው ከሰኔ እስከ ኅዳር ነው፤ ደሴቶቹን የሚያጥበው ውሃ የሚቀዘቅዘውም ያኔ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ከ20 ዲግሪ በታች ይወርዳል። አዋቂያችን 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የጠላቂ ልብሱን ለብሶ ይገባል። በአሥረኛው ደቂቃ መንጋጋው ሬጉሌተሩን፣ አየር የሚስብበትን የአፍ መተንፈሻ፣ ነክሶ ይንቀጠቀጣል፤ የሚንቀጠቀጥ ሰው ደግሞ አየር ይፈጃል። 7 ሚሊሜትር የለበሱት ሻርኩን ሲከተሉ እሱ ጀልባው ላይ ፎጣ ተከናንቦ ሻይ ይጠብቃል።

ወቅትን የሚጠይቅ ሰው እንደ ጨለምተኛ ነው የሚታየው። ሆኖም የታይላንድ ሲሚላን ደሴቶች በየዓመቱ ከግንቦት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ገደማ ለጎብኚ ዝግ ናቸው። የፊሊፒንሱ ቱባታሃ የኮራል ሥፍራም ባሕሩ የሚፈቅደው በግምት ከመጋቢት እስከ ሰኔ መጀመሪያ ሲሆን የሚደረሰውም መርከብ ላይ እያደሩ ነው። የባሰው ሃኒፋሩ ነው። በማልዲቭስ የሚገኘው ይህ ወሽመጥ ማንታ በመንጋ የሚመገብበት ስለሆነ ፎቶው ሁሉም ስልክ ላይ አለ። ይሁንና እዚያ በሲሊንደር መጥለቅ ክልክል ነው፤ የሚፈቀደው በማስክና በመተንፈሻ ቱቦ ከላይ መዋኘት ብቻ ነው። ይህን ደርሶ የሚያውቅ ሰው ያን ሁሉ ኪሎ ዕቃ ውቅያኖስ አሻግሮ የተሸከመው ለከንቱ እንዳልሆነ ለራሱ ማስረዳት አለበት።

ከሁሉ የሚከብደው ግን «እኔ ገና አልደረስኩም» ማለት ነው። የመጀመሪያው የጠላቂነት መታወቂያ የሚፈቅደው 18 ሜትር ነው። በኢንዶኔዥያው ኮሞዶ የፓሲፊክ ውሃ በደሴቶቹ መሃል ተጣቦ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ሲያልፍ እንደ ወንዝ ይሮጣል፤ በፓላው ደሴቶች ብሉ ኮርነር በሚባለው መጥለቂያ ደግሞ ጠላቂ ራሱን በመንጠቆ ከድንጋይ ጋር አስሮ፣ ጃኬቱ ውስጥ ትንሽ አየር ጨምሮ እንደ ባንዲራ እየተውለበለበ ነው ሻርክ የሚያየው። መንጠቆው የሞተ ድንጋይ ላይ እንጂ ሕይወት ያለው ኮራል ላይ አይሰካም። ይህን ሁሉ ያልሞከረ ሰው ቤት ሳለ ዝም ይላል፤ ጀልባው ላይ ግን ማስኩን አሥር ጊዜ ያጥባል። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው፤ ከላይ የተኛ የሚመስለው ባሕር ታች ሌላ ነው። ለፍርሃቱም ሂሳብ አለው፤ 30 ሜትር ላይ ግፊቱ አራት እጥፍ ስለሆነና ትንፋሹም ያንኑ ያህል አየር ስለሚፈጅ ላይ አንድ ሰዓት የሚያቆይ አየር 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የደነገጠ ሰው ያንንም አያደርሰውም።

ቦኔር ብትሉትስ? ከዳር ሆኖ ሲሊንደር አዝሎ በእግር የሚገባበት፣ መግቢያው መንገድ ዳር በቢጫ ድንጋይ የተጠቆመ፣ በነፋስ ከለላው በኩል የተረጋጋ የካሪቢያን ደሴት ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ቦታ ብዙ የለም፤ «ለጀማሪ ነው» መባሉ ብቻ ግን ያስጥለዋል። ይልቅ ባሕር ውስጥ ያለው የቤሊዙ ታላቁ ሰማያዊ ጉድጓድ ይመረጣል። ስፋቱ 300 ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ ከ120 ሜትር በላይ ነው፤ የሚያምረውም ከአውሮፕላን ነው። ተንጠልጣይ የዋሻ ድንጋዮቹ 40 ሜትር አካባቢ ናቸው፣ ቆይታው ስምንት ደቂቃ ገደማ፣ ዓሣ ብርቅ። በዚያ ጥልቀት የሚተነፍሱት አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ያሰክራልና ያየውን አጥርቶ የማያስታውስ አለ፤ ሲመለስ ግን እሱን የሚያህል አድናቂ የለም።

በመጨረሻ የበረራ ሰዓት ይቀራል። ለበርካታ ቀናት የጠለቀ ሰው ከመጨረሻው መውጣት በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበር መቆየት አለበት፤ አለበለዚያ በደሙና በሕዋሱ የቀረው ናይትሮጅን ከፍታ ላይ አረፋ ሊሆን ይችላል። «ከፍዬበታለሁ» የሚለው ጓደኛ ግን የመጨረሻዋን ጠዋት አይለቅም። አስጎብኚው እንቢ ሲለው አኩርፎ ይቀመጣል፤ እንቢ የሚል ሲያጣ ደግሞ ቲኬቱን ለማዘዋወር የሚከፍለው ከመጥለቂያው ዋጋ ይበልጣል። ዕረፍቷን የተቀበሉት ያን ቀን ዕቃቸውን በንጹሕ ውሃ አጥበው ጥላ ሥር ያሰጣሉ። እሱ ልብሱን እርጥቡን ሻንጣ ውስጥ ይጠቀጥቀዋል፤ አየር ማረፊያው ሚዛን ላይ ሲወጣም ሠራተኛዋን «ሚዛናችሁ ተበላሽቷል» ይላታል።