ጠርጥር በእንግሊዝኛ

ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ዳውት ማለት መጠራጠር፣ ሰስፔክት ማለት መጠርጠር» ብለው ጻፉልን፤ እኛም ሁለቱ ቃላት የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ከመልካቸው አይተን፣ አንዱን ብንጠራ ሌላውም አቤት ይላል በሚል እምነት ደብተራችንን ዘጋን። የዚያ ደብተር ዕዳ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እስጢፋኖስ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ በናፍጣ ተከፈለ።

መብራት በጠፋ ቁጥር የምናስነሳው ጄኔሬተር ከሚሠራበት ሰዓት በላይ ናፍጣ መጠጣት ጀምሮ ነበር። በር ላይ የሚጠብቁት አባባ አንድ ማለዳ ወደ ጎን ጠርተው «ልጄ፣ ይህ ሁሉ በጄኔሬተሩ ሆድ የሚገባ አይመስለኝም» ስላሉኝ፣ የንብረት ኃላፊ እንደመሆኔ ለውጭ አገር ተወላጁ አለቃችን ማስታወሻ ጻፍሁ። በልቤ የነበረው «ናፍጣው እየተሰረቀ ነው ብዬ እጠራጠራለሁ» የሚል ሲሆን፣ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ግን «አይ ዳውት ዛት ዘ ፊዩል ኢዝ ቢይንግ ስቶለን» ነበር። መልሱ ከሰዓት በኋላ ደረሰ፤ አለቃዬ ስላረጋጋኋቸው አመስግነው፣ እሳቸውም በሠራተኞቻቸው ታማኝነት እንደሚኮሩ ገልጸው፣ ጉዳዩን ዘጉት። ሌባው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ጠበቃው ግን እኔ ነበርሁ።

በአማርኛ «እንግዳው ይመጣል ብዬ እጠራጠራለሁ» ያለች እመቤት ወጡን ልትጨምር ይሁን ወይስ ሰሐኑን ልታነሣ፣ የምናውቀው ከቃሏ ሳይሆን ከፊቷ ነው። በኢሜይል ደግሞ ፊት አይላክም። እንግሊዝኛው «ዳውት» ካለ እንግዳው ይቀራል ማለቱ ነው፤ «ሰስፔክት» ካለ ሳይመጣ አይቀርም ማለቱ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀትም አንድ በርሜል ናፍጣ ያህላል።

ከዚያ ወዲህ ሁሉንም ነገር ሰስፔክት ማድረግ ጀመርሁ። የሒሳብ ክፍሏ ባልደረባችን ለዕድገት ስትወዳደር «ጥሩ ሥራ አስኪያጅ ይወጣታል ብዬ ሰስፔክት አደርጋለሁ» የሚል የድጋፍ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ጻፍሁላት። እንግሊዝኛው እንከን አልነበረበትም። እርሷ ግን ግልባጩን ይዛ ጠረጴዛዬ ላይ ቆመች፦ «አንተ ሰውዬ፣ እኔ በምንድን ነው የተጠረጠርሁት?» አልፈርድባትም፤ ይህን ቃል የምንሰማው «ተጠርጣሪው በቁጥጥር ሥር ዋለ» ከሚለው ዜና ነውና።

ማኪያቶ ላይ ከሆነ ችግር የለም፤ ፒያሳ ተቀምጦ «ዳውት አለኝ»፣ «ሹር አይደለሁም» ያለን ሰው ሁሉም ይረዳዋል፤ «እንጃ» ቢልም ያው ነበር። ፈተናው ደብዳቤ ላይ ነው። «ኖ ዳውት» የሚለውን «ያለ ጥርጥር» እያልን እንደ መሐላ ብናነበውም፣ እንግሊዝኛው ብዙ ጊዜ «ሳይሆን አይቀርም» ከማለት አያልፍም፤ መሐላ የፈለገ «ዊዝአውት ዳውት» ይበል። «ኖት ኢንታየርሊ ኮንቪንስድ» የሚል መልስ የደረሰው ሰው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም በአብዛኛው አምነውልኛል ብሎ ደስ ይለዋል፤ የተባለው ግን የእኛ ቢሮዎች «ጉዳዩን አጥንተን እናሳውቅዎታለን» የሚሉት ነው። በ1953 ዓ.ም. ከተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ አጠገብ ያለ ሰፈር ይህን ቋንቋ ከማንም ቀድሞ መልመድ በተገባው ነበር።

የ«ዳውት» አጻጻፍ ራሱ አያምኑት ነው። ጥንት ከፈረንሳይኛ ሲወሰድ ያለ «ቢ» ይጻፍ ነበር፤ ኋላ ሊቃውንቱ የላቲን ዘሩን ለማሳየት «ቢ» ጨመሩበት፤ እስከ ዛሬም ትጻፋለች እንጂ አትነበብም። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ያሉት አባቶቻችን እንግሊዝኛ ሳያውቁ ስንጥሯን አግኝተዋታል።

ዘንድሮ ነሐሴ ላይ አለቃ ተቀየረልን፤ አዲሱ ስኮትላንዳዊ ናቸው። አንድ ቀን ሥራ ስንጨርስ በመስኮት ወደ እንጦጦ አሻቅበው እያዩ «አይ ዳውት ኢትል ሬይን» አሉ። ዳውትን በናፍጣ ገዝቼ የተማርሁ ሰው ነኝና፣ አይዘንብም ማለታቸው ነው ብዬ ጃንጥላዬን እንደተሰቀለ ትቼ ወጣሁ። መስቀል አደባባይ ታክሲ ሰልፍ ላይ እስከ አጥንቴ ርሼ ቆሜ ሳለ፣ አለቃዬ ጃንጥላቸውን ዘርግተው እየመጡ «ነግሬህ አልነበረምን?» አሉኝ። ለካ ስኮትላንዳውያን ቃሉን በጥንቱ ፍቺ ይዘውት ኖረዋል፤ ዝናቡን ዳውት ካደረጉ ይዘንባል ብለው መሥጋታቸው ነው፤ ልክ እንደ እናቴ።

መምህራችን ጥቁር ሰሌዳው ላይ የጻፉልን፣ እንግዲህ፣ ስኮትላንድ ውስጥ ትክክል ነበር። የናፍጣውን ማስታወሻም ለእኚህ ሰው ጽፌው ቢሆን ኖሮ ሌባው በማግሥቱ ይያዝ ነበር ብዬ እጠራጠራለሁ።