ማስተካከያ፦ ፖርት 3389 ለውጭ አይከፈትም

ከኮምቦልቻ ሆኖ ደሴ ቢሮ ያለን ኮምፒውተር በብራውዘር ስለመክፈት ቀደም ሲል የተላለፈው መመሪያ «ፋየርዎሉ ላይ ፖርት 3389 ይከፈት» ይላል። ይህ ተሽሯል። 3389 የዊንዶውስ ኮምፒውተርን ከርቀት ለመቆጣጠር (ሪሞት ዴስክቶፕ) የሚያገለግል ፖርት ነው። የከፈታችሁ ዛሬውኑ ዝጉት፤ ይህን ፖርት በኢንተርኔት እያሰሱ የይለፍ ቃል የሚሞክሩ ፕሮግራሞች እንቅልፍ የላቸውም።

ብራውዘሩ የሚሄደው በ443፣ ማለትም በኤችቲቲፒኤስ ነው፤ ፕሮክሲውም (የኢንተርኔት ግንኙነቱን መሃል ሆኖ የሚያሳልፈው ሰርቨር) በተለምዶ የሚያሳልፈው ይህንኑ ነው። ደሴ ያለው የጓካሞሌ (ኮምፒውተርን በብራውዘር ከርቀት የሚያስከፍት ሶፍትዌር) ሰርቨር ግንኙነቱን ይቀበልና ከውስጥ ኔትወርኩ ሳይወጣ ኮምፒውተሩን በ3389 ያገኘዋል። ስለዚህ 3389 በሰርቨሩና በኮምፒውተሩ መካከል ብቻ ክፍት ይሁን።

«ስክሪኑ ይከፈታል፣ ማውሱ ግን ይጎተታል» ላላችሁ፦ ሁልጊዜ ኔትወርኩ ደክሞ አይደለም። ፕሮክሲው ዌብሶኬትን (ብራውዘሩና ሰርቨሩ ሳይቋረጥ የሚነጋገሩበትን መስመር) ሲከለክል ጓካሞሌ ወደ ተራ የኤችቲቲፒ ጥያቄና መልስ ይመለሳል፤ ይሠራል፣ ግን ሊንቀራፈፍ ይችላል። ከሰርቨሩ ፊት ኤንጂንኤክስ (ግንኙነቱን ተቀብሎ ወደ ሰርቨሩ የሚያስተላልፍ ፕሮግራም) ካለ ዌብሶኬት የሚጠየቅበትን «አፕግሬድ» የተባለውን ሄደር እንዲያሳልፍ፣ በፈሪንጉም (ዳታን አጠራቅሞ መላኩ) እንዲጠፋ ይደረግ። (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩም አብሮ ይጠፋል፤ ያኔ ፕሮክሲውን አትውቀሱ።)

በእናንተ በኩል የሚጫን ፕሮግራም የለም። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫው ግን ለሁሉም ተጠቃሚ ይብራ።