እየከሰረ ባለ ሰርከስ ውስጥ፦ መቆየት ወይስ መሄድ?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ «የትርዒት ድርጅቱ እየከሰረ መሆኑን ያወቀ ከያኒ እስከ መጨረሻው ትርዒት ሊቆይ ይገባዋል» የሚል ነው። ደጋፊዋ ትራፒዝ (ከላይ በተንጠለጠለ ዥዋዥዌ የሚሠራ የአየር ላይ ትርዒት) ላይ የኖረች ሴት ናት። ተቃዋሚው ደግሞ በመዝናኛ መናፈሻ የገጸ ባሕርይ ልብስ ለብሶ ሕፃናትን ሲያስቅ የኖረ ነው።

ይቆይ ባይ፦
በትራፒዝ በራሪ አለ፣ ተቀባይ አለ። በራሪው ዥዋዥዌውን ለቆ አየር ላይ ሲገለባበጥ፣ ማዶ ቁልቁል ተንጠልጥሎ እጁን ቀብ የሚያደርገው ተቀባዩ ነው። የሁለቱ ሰዓት እስኪገጥም ብቻ ብዙ ወራት ይሄዳሉ። ቢሮ ውስጥ አንድ ሰው ቢለቅ ወንበሩ ባዶ ይሆናል፣ ሌላ ይቀጠርበታል። በራሪው ከለቀቀ ግን ተቀባዩም በዚያው ዕለት ሥራ ፈታ ማለት ነው። ስለዚህ «ድርጅቱ ምን አደረገልኝ?» የሚለው ጥያቄ ከመነሻው አይዋጥልኝም። ታማኝነቴ መቼም ለባለቤቱ ሆኖ አያውቅም።

የአሜሪካው ሪንግሊንግ ብራዘርስ ሰርከስ በጃንዋሪ 2017 እ.ኤ.አ. ሊዘጋ መሆኑን ሲያስታውቅ 146 ዓመት የዘለቀ ሰርከስ ነበር። ዝሆኖቹ በሜይ 2016 ከወጡ ወዲህ የቲኬት ሽያጩ ይብሱን እንደወረደ ባለቤቶቹ ራሳቸው ተናግረዋል፤ ባዶውን ወንበር ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ግን መግለጫ አያሻውም ነበር። የመጨረሻው ትርዒት የታየው በሜይ 21 ቀን 2017 ነው። ከማስታወቂያው በኋላ አራት ወር ሙሉ ትርዒት የቀጠለው ሰው ስለቆየ ነው። ሁሉም በማግስቱ ሻንጣውን ቢያነሳ ኖሮ ያ የአራት ወር ደሞዝ ለማንም አይደርስም ነበር።

ይሂድ ባይ፦
እህቴ ያመጡት ምሳሌ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። እዚያ ለሠራተኛው ቀኑ ተነግሮታል። ሥራ በማፈላለግ እንደሚረዱትም ቃል ተገብቶለታል። እኛ ያለንበት ግን ቀን የሌለው መክሰር ነው። የተቀደደ ልብስ አይሰፋም፣ ሁለት ትርዒት አንድ ይሆናል፣ ደሞዝ መጀመሪያ ሁለት ቀን፣ ከዚያ ሳምንት ይዘገያል። ኃላፊው ሲጠየቅ «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ይላል። (ይህ ቃል በደህናው ጊዜ ተሰምቶ አያውቅም።)

የካናዳውን ሰርከስ ሰርክ ዱ ሶሌይን እንመልከት። በማርች 2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ከሠራተኞቹ 95 በመቶውን፣ 4,679 ሰው፣ ከሥራ አገደ። በጁን ከአበዳሪዎቹ እንዲጠበቅ ፍርድ ቤት ሲገባ ከታገዱት 3,500 ያህሉን ለዘለቄታው አሰናበተ። ወረርሽኙን ማንም አልጠራውም፤ ትልቁን ዕዳ ግን ድርጅቱ ከዚያ በፊት ነበር የተሸከመው። በኋላም ድርጅቱን የተረከቡት አበዳሪዎቹ ናቸው። አበዳሪ የሚያየው ፊርማ ያለበትን ወረቀት ነው፤ የእኔ ታማኝነት በየትኛው ወረቀት ላይ ሰፍሯል?

ደግሞ ዕድሜ አለ። የሒሳብ ሠራተኛ አንድ ዓመት ቢጠብቅ አንድ ዓመት ነው የሚያጣው። የእኔ ጉልበትና የእርስዎ ትከሻ ግን የሚሰጡን ዓመታት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ይቆይ ባይ፦
ወንድሜ፣ ስለ ትከሻዬ ልክ ብለዋል። ነገር ግን መሄድ ለሁሉም እኩል አይቀልም። በሪንግሊንግ ብዙዎቹ ሠራተኞች ይኖሩ የነበረው ሰርከሱን ከከተማ ከተማ በሚያጓጉዘው ባቡር ውስጥ ነበር። ቤት፣ ጎረቤት፣ የልጆች ትምህርት ሁሉ ከዚያው ጋር ይጓዛል። እዚያ ሥራ መልቀቅ ቤት መልቀቅ ነው። ግማሹ ሲሄድ የቀረው የሁለት ሰው ሥራ ይሠራል፣ ይደክማል። በእኛ ሙያ ድካም ማለት መውደቅ ነው።

ይሂድ ባይ፦
ታዲያ መቆም ያለበት ትርዒቱ ነዋ! በደከመ ሰው የሚቀጥል ትርዒት ባለቤቱ በእኛ መዋደድ የሚነግድበት ነው። ለጓደኛዬ ስል እቆያለሁ፣ ጓደኛዬም ለእኔ ሲል ይቆያል፣ ባለቤቱ ደግሞ በመሀል መብራቱን አብርቶ ቲኬት ይሸጣል። እንድቆይ ከፈለገ የመዝጊያውን ቀን፣ እስከዚያ ለቆየ የሚከፈለውን ጉርሻና የስንብት ክፍያውን ጽፎ ይፈርም። ገንዘቡንም ራሱ ሊነካው በማይችል ሒሳብ ያስቀምጥ።

ይህን ለመጠየቅም ኪሳራን መጠበቅ የለብንም። በካሊፎርኒያው ዲዝኒላንድ 1,700 ያህል ገጸ ባሕርይ ተጫዋቾችና የሰልፍ ትርዒት አቅራቢዎች በሜይ 2024 በማኅበር ለመደራጀት በአብላጫ ድምፅ የወሰኑት መናፈሻው በጎብኚ በተጨናነቀበት ጊዜ ነው። እኛ ግን ጅብ ከሄደ በኋላ ነው የምንጮኸው።

ይቆይ ባይ፦
በጽሑፉ እስማማለሁ፤ መፈረም ነበረበት። ግን አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል፤ እኔም አንድ ጊዜ ለቅቄያለሁ። ደሞዝ ለሦስተኛ ጊዜ ሲዘገይ ሌላ ቦታ ተፈተንኩና ተቀበሉኝ። ለኃላፊው ከመናገሬ በፊት ለተቀባዬ ነገርኩት፤ ልሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ። ምንም አላለኝም። በማግስቱ ለልምምድ እንደወትሮው ቀድሞኝ መጥቶ እጁን ላብ በሚመጥ ነጭ ዱቄት ሲያሽ አገኘሁት። በሁለቱ ሳምንታት አንድም ጊዜ አልሳተኝም።

ይሂድ ባይ፦
ሌላ በራሪ አገኘ?

ይቆይ ባይ፦
ሁለት ሳምንት አልበቃውም።